ራም ሲጨመር የተዘጋው መዝገብ

በጅቡቲ አርብ የዕረፍት ቀን ነው። አምቡሊ ውስጥ አብዛኛው ሱቅ ተዘግቷል፤ ከአየር ማረፊያው የሚነሡት አውሮፕላኖች በየጊዜው ጣሪያውን ያንቀጠቅጡታል። በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ግን ሦስት ሰዎች አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከበው ተቀምጠዋል። ክሊማው (የአየር ማቀዝቀዣው) በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው፤ ያም ሆኖ የወጣቱ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ስክሪኑ ላይ በፈረንሳይኛ የተጻፈ አጭር መልእክት ይነበባል፤ ይህን ፕሮግራም ለማስነሣት የሚበቃ ሚሞሪ የለም ይላል።

ማሽኑ እስከ ረቡዕ ድረስ 128 ሜጋባይት ራም ነበረው፤ ሥራውንም ይሠራ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያ ወጥቶ፣ ከተፈታቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች የተለቀሙ ሦስት ባለ 256 ሜጋባይት ራሞች ገቡለት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የቢሮውን መዝገብ የያዘው ፕሮግራም አልከፈትም አለ።

«ስድስት እጥፍ ጨምረንለት አነሰኝ ይላል?» አሉ የቢሮው ባለቤት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

«አላነሰውም ጋሼ። በዝቶበት ነው።»

«አቦ፣ በዝቶበት የሚራብ ደግሞ አለ እንዴ!» አሉ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉት የሒሳብ ሠራተኛ።

ወጣቱ እየቀለደ አልነበረም። ከአሮጌ ዳታቤዝ ጋር የኖረ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ነገር ደጋግሞ አይቶታል፤ ማሽኑ ሲያድግ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ምክንያቱን አንድ በአንድ ማስረዳት ይቻላል። አስቀድሞ ግን በዚያ ማሽን ውስጥ ምን እንዳለ መናገር ይገባል፤ የሦስቱም ሰዎች ጭንቀት የመጣው ከዚያ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር፣ በአሰብ ይገባ የነበረው የኢትዮጵያ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ወደቡም፣ መንገዱም፣ መጋዘኑም በአንድ ጊዜ ተጨናነቁ። መንግሥታት ትልልቅ ሥርዓት ነበራቸው፤ ብዙዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያዘጋጀውን፣ እኛ አሲኩዳ የምንለውን፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሲዶኒያ የሚሉትን የጉምሩክ ሶፍትዌር ይጠቀሙ ነበር። ትንንሾቹ አስተላላፊዎች ግን የራሳቸውን መዝገብ ራሳቸው መያዝ ነበረባቸው። ኮንቴይነሩ በየትኛው መርከብ መጣ? መቼ ተራገፈ? በየትኛው ታርጋ ተጫነ? ሹፌሩ ስንት ቅድመ ክፍያ ወሰደ? ባዶው ኮንቴይነር መቼ ተመለሰ? የዘገየበት ቀን ኪራይ በማን ላይ ወደቀ? ባለጉዳይና አስተላላፊ የሚጣሉት በእነዚህ ነገሮች ነው፤ የሚታረቁትም መዝገቡ ሲገለጥ ነው።

እዚህ ቢሮ ይህን ሁሉ የያዘው በፎክስፕሮ 2.6 ለዶስ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ጽፎ የሰጣቸው ሰው ከጅቡቲ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የፕሮግራሙን ምንጭ ኮድ የያዘ ሰው የለም። ፎክስፕሮን የሠራው በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት የነበረ ፎክስ ሶፍትዌር የተባለ ኩባንያ ነው፤ በ1992 ማይክሮሶፍት ጠቀለለው፤ 2.6 የወጣው በ1994 ነው። ጥቂት ሜጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ብዙ ሺህ መዝገብ በቅጽበት የሚፈልግ ስለነበር በዚያ ዘመን የትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ወዳጅ ሆኖ ነበር። ከወደቡ እስከ አዲስ አበባ መርካቶ ድረስ ስንት መጋዘን፣ ስንት ፋርማሲ፣ ስንት የቁጠባ ማኅበር በእርሱና በወንድሞቹ በዲቤዝና በክሊፐር ተዳደረ!

ለምን እስከ ዛሬ አልተቀየረም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እኔ አልወቅሳቸውም። ፕሮግራሙ የሚያትመው ካርቦን ባለው ባለ ሦስት ቅጂ ወረቀት ላይ፣ እየመታ በሚጽፈው አሮጌ ኤፕሰን ፕሪንተር ነው፤ ፕሪንተሩ የሚሰካው በድሮው ሰፊ ሶኬት ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያውቀውም ያንን ሶኬት ብቻ ነው። አንዱ ሲነካ ሁሉም ይናጋል። ደግሞም የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በ177.721 ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ታስሮ የቆየ ገንዘብ ስለሆነ፣ የሁለት ዐሥርት ዓመት ዕዳ ዛሬም በዶላር ሲመነዘር ያው ነው። መዝገቡ ውስጥ ስማቸው ያለ ሹፌሮችና ነጋዴዎች ዛሬም ይደውላሉ።

ራሙን ያስጨመራቸው የኤሌክትሮኒክ ፖስታ ነው። በዚያው ማሽን ላይ ስካን የተደረገ ሰነድ መክፈት ጀምረው ነበርና ማሽኑ ዘገየባቸው።

ወጣቱ ጠጋኝ ስክሪኑን አይቶ መጀመሪያ ያደረገው ማሽኑን ማጥፋት ነበር። ቀጥሎ ምንም ቅንብር ሳይነካ ሃርድ ዲስኩን ነቀለ፤ በመሸጋገሪያ ገመድ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ የመዝገቡን ፎልደር እንዳለ ቀዳ።

«መጀመሪያ መዝገቡ ይትረፍ ጋሼ፤ ማሽኑ ይደርሳል።»

ይህችን ቅደም ተከተል ላሰምርባት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ዳታውን የሚያጣው በብልሽቱ ሳይሆን በጥገናው ነው። ጠጋኙ ይቸኩላል፤ ባለቤቱ ከጀርባው ቆሞ ያቻኩለዋል፤ ፕሮግራሙ አሥር ጊዜ ይከፈታል፣ አሥር ጊዜ ይቋረጣል፤ በእያንዳንዷ መቋረጥ ደግሞ ዲስኩ ላይ በግማሽ የተጻፈ ነገር ሊቀር ይችላል። ቀድቶ የጀመረ ሰው ከዚያ በኋላ ቢሳሳት እንኳ የሚመለስበት ቦታ አለው።

ዲስኩን መልሶ ገጥሞ ኃይል ሲሰጠው ዓይኑን የጣለው ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚታየው ጥቁር ገጽ ላይ ነው። እዚያ ማሽኑ ራሙን ይቆጥራል። መቆጠር የነበረበት 768 ነው፤ የተቆጠረው 640 ሆነ።

«አንዷን ግማሽ አድርጎ ነው የሚያያት» አለ።

ይህ በዚያ ዘመን ማዘርቦርዶች ላይ የታወቀ ነገር ነው። የዚህኛው ቺፕሴት የኢንቴል 440ቢኤክስ ነው፤ በፔንቲየም ሁለትና ሦስት ዘመን እጅግ የተስፋፋ፣ ጥሩ ስም ያለው። 440ቢኤክስ ባለ 256 ሜጋባይት ራም የሚቀበለው መጠኑ በ16 ቺፖች ላይ ተከፋፍሎ ሲመጣ ነው። በኋላ የመጡት ራሞች ያንኑ መጠን በ8 ቺፕ ላይ አጠጋግተው ያዙት፤ የእያንዳንዱ ቺፕ እፍጋት ቺፕሴቱ ከሚያውቀው በላይ ስለሆነ ግማሹ አይታየውም። ሶኬቱ አንድ፣ ቅርጹ አንድ፣ የሚታየው መጠን ግን ሌላ። ወጣቱ ሦስቱንም አውጥቶ አንዷ በአንድ ገጽዋ ብቻ ቺፕ እንዳላት አሳያቸው። በዚያው አጋጣሚ ቢጫ እግሮቻቸውን በላጲስ ቀስ አድርጎ ጠረጋቸው፤ የቀይ ባሕር አየር ጨውና እርጥበት ይዞ ስለሚገባ የራም ሶኬት እዚህ አገር ቶሎ ይቆሽሻል።

ግማሽዋ መጥፋቷ ግን የፕሮግራሙን እምቢታ አያስረዳም። 640ውም ከበፊቱ አምስት እጥፍ ነው። ወሳኙ ነገር ቁጥሩ ከ512 ማለፉ ነበር።

ማሽኑ የሚሠራበት ዊንዶውስ 98 ባለ 32 ቢት ነው። በ32 ቢት የሚቆጠረው አድራሻ 4,294,967,296 ነው፤ 4 ጊጋባይት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ላይኛውን አንድ ጊጋባይት አድራሻ ሲስተሙ ለራሱ ይይዛል። ከዲስክ የተነበበውን በቅርብ የሚያቆየው ቪካሽ የተባለው ክፍል ቦታ የሚይዘው እዚያ ነው። የኤጂፒ ስክሪን ካርድም ድርሻውን የሚወስደው ከዚያው ነው። አንድ የዶስ ፕሮግራም ሲከፈት ዊንዶውስ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ምናባዊ ማሽን ይፈጥርለታል፤ ለዚያም አድራሻ የሚያስፈልገው ከዚያችው አንድ ጊጋባይት ነው። እንግዲህ ቪካሽ የሚይዘውን ከፍተኛ መጠን የሚወስነው የራሙን ብዛት አይቶ ነው። ራሙ ሲበዛ እርሱም ይስፋፋል፤ ከ512 ሜጋባይት በላይ ሲሆን ለዶስ መስኮት የሚተርፍ አድራሻ ላያስቀር ይችላል። ባዶ ቤት የሞላው ቀበሌ የቤት ቁጥር አልቆበት አዲስ ነዋሪ መመዝገብ ቢያቅተው እንደማለት ነው። ቤት አለ፤ ቁጥር የለም። ስክሪኑ ግን የሚለው ቤት የለም ነው።

ማይክሮሶፍት ይህን ችግር በዊንዶውስ 95፣ በ98 እና በሚሌኒየም ላይ እንዳለ አምኖ መፍትሔውን አሳውቋል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተም.ኢኒ የሚባል ፋይል አለ፤ በውስጡ ቪካሽ በሚለው ርዕስ ሥር «ማክስፋይልካሽ» ብሎ 524288 መጻፍ። ቁጥሩ በኪሎባይት ነው፤ 512 ሜጋባይት ይሆናል። ከዚህ አትለፍ ማለት ነው። ወጣቱ በፈረንሳይኛው ኪቦርድ ላይ ሺፍት ይዞ ስድስቱን አኃዝ አንድ በአንድ መታ፤ እዚህ አገር ቁጥር ለመጻፍ እንኳ ሁለት ጣት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣው። የዶስ መስኮቱ ተከፈተ።

«እልል በሉ!» አሉ ሒሳብ ሠራተኛዋ።

«ቆይ እትዬ፣ ገና ነን።»

የፕሮግራሙን አዶ በቀኝ አዝራር ተጭኖ የሚሞሪ ገጹን ከፈተ። እዚያ ዊንዶውስ ለዶስ ፕሮግራሙ ስንት ሚሞሪ እንዳለ የሚነግርበት ሣጥን አለ፤ «አውቶ» ይላል። ወጣቱ 16384 አደረገው፤ 16 ሜጋባይት። ያለውን ራም ደብቆ ለፕሮግራሙ ትንሽ ብቻ ማሳየት ነው። ይህ የአሮጌ ፕሮግራም ጥገና ዋና ጥበብ ነው፤ ምክንያቱንም ማወቅ ይጠቅማል።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ ፕሮግራም «ስንት ሚሞሪ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ በ16 ቢት ነበር። በ16 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 65,535 ነው፤ በኪሎባይት ሲሆን 64 ሜጋባይት ሊሞላ አንድ ይቀረዋል። ባዮስ ራሱ በድሮው ጥሪ የሚመልሰው ከዚህ አያልፍም ነበር። ቁጥሩን ከዜሮ በታችም መሆን በሚችል ቦታ ያስቀመጠ ፕሮግራም ደግሞ ከ32,767 በኋላ ያለውን እንደ ዕዳ ያነበዋል፤ 40 ሜጋባይት ያለው ማሽን ላይ «ከምንም በታች ሚሞሪ አለህ» ይባላል፤ እርሱም አነሰኝ ብሎ ይዘጋል። ፕሮግራመሮቹ ሰነፎች አልነበሩም። ራም እንደ ወርቅ በሚመዘንበት ዘመን እያንዳንዷን ባይት ቆጥበው የጻፉ ሰዎች ናቸው፤ 64 ሜጋባይት ለአንድ አስተላላፊ ቢሮ ይገዛል ብሎ ያሰበ ማን ነበር? የፍጥነቱም ነገር እንደዚሁ ነው። በቱርቦ ፓስካል የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ሲነሡ የማሽኑን ፍጥነት ለመለካት በአንዲት የሰዓት ምት ውስጥ ስንት ዙር እንደሚሠራ ይቆጥሩና ያካፍሉ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ 200 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ውጤቱ ከተሰጠው ቦታ ተረፈና «ስሕተት 200» እያሉ ይሞቱ ጀመር። ከዚህ ማሽን ቀደም ያሉት፣ የኢንቴል 430ቲኤክስ ቺፕሴት ያላቸው ደግሞ ሌላ ጠባይ ነበራቸው። ፈጣኑ ካሽ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን 64 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር፣ ከዚያ በላይ የጨመረ ሰው ማሽኑ ዘገየበት እንጂ አልፈጠነለትም።

የዛሬውም ትውልድ ከዚህ አላመለጠም። በቪዥዋል ፎክስፕሮ የተጻፉ ፕሮግራሞች ያዩትን ራም ትልቅ ድርሻ ለራሳቸው መጠባበቂያ ስለሚይዙ ራም ሲጨመር አንዳንዴ ይንቀራፈፋሉ፤ ሲስ 3050 በሚባለው ትእዛዝ ልክ ሲበጅላቸው ይመለሳሉ። ከሁሉ የሚበዛው ጉዳት ግን በሌላ በኩል ይመጣል። አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ያሳድጋል፤ ባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ ትርፉን ስለማያይለት ጠጋኙ ባለ 64 ቢቱን ይጭንለታል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ፕሮግራም ጨርሶ አያስነሣም። ጥፋተኛው ራሙ ይመስላል፤ መዝገቡን የዘጋው ግን ከራሙ ጋር የመጣው አዲስ ሲስተም ነው። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ቪዶስን የመሰለ የድሮውን ዶስ የሚያስመስል ፕሮግራም ወይም በምናባዊ ማሽን ውስጥ የተጫነ አሮጌ ዊንዶውስ ነው።

ወደ አምቡሊ እንመለስ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ሲከፈት ኢንዴክሱን፣ ማለትም መዝገቡ በቶሎ የሚፈለግበትን ማውጫ፣ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የጻፈው ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ያስገባው ነገር ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ወንበሩን ተረከቡና በቃላቸው የሚያውቁትን የአንድ ኮንቴይነር ቁጥር ጻፉ። የለም አለ። ሌላ ጻፉ። ይህኛው መጣ፣ ግን የተያያዘው መኪና የሌላ ነው።

«ይሄ ትክክል አይደለም። ይሄን ጭነት እኔ ነኝ የመዘገብኩት።»

እንደ እርሳቸው ያለ ሰው በአጠገብ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ያለ ጩኸት ተከፍቶ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ የሚያውቀው መዝገቡን በእጁ የጻፈው ሰው ብቻ ነው። ጠጋኝ ብቻውን ቢሆን «ሠርቷል» ብሎ ይሄድ ነበር።

ወጣቱ ወዲያው ፕሮግራሙን ዘጋ። የተጠራጠረው ራሞቹን ነው። የተበላሸ ራም ሁልጊዜ ማሽን አያቆምም፤ አንዷን ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ገልብጦ ዝም ሊል ይችላል። ያች ቢት የሥዕል አካል ብትሆን አትታይም፤ የኢንዴክስ ቅርንጫፍ ብትሆን ግን ፍለጋውን ወደ ሌላ መንገድ ትመራዋለች። ይህ የአሮጌ ማሽን ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዋ ቢያንካ ሽሮደር ከጉግል ባለሙያዎች ጋር ባወጣችው ጥናት፣ በኩባንያው ሰርቨሮች ውስጥ ካሉት የራም ካርዶች ከመቶ 8 የሚበልጡት በአንድ ዓመት ውስጥ ስሕተት አሳይተዋል። እነዚያ ስሕተትን የሚያርም ተጨማሪ ቺፕ አላቸው፤ የተራው ቢሮ ራም የለውም። በጥናቱ የሙቀት ተጽዕኖ ከተገመተው እጅግ ያነሰ ሆኖ መገኘቱ እዚህ አገር ያለን ሰው ሊያስገርም ይችላል፤ እኛ ሁሉን ነገር በሙቀቱ እናሳብባለንና።

መመርመሪያው ሜምቴስት86 ይባላል። ከዊንዶውስ ውጭ፣ ከሲዲ ተነሥቶ እያንዳንዷን የራም ሕዋስ በተለያየ ንድፍ ይጽፍባትና መልሶ ያነባታል። ወጣቱ ራሞቹን አንድ በአንድ እየሰካ ፈተሻቸው። የመጨረሻዋን ሰክቶ ማሽኑን በዩፒኤስ ላይ ሌሊቱን ተወው፤ ጠዋት ሲመጡ እርሷ ቀይ መስመር ደርድራ ተገኘች። ግማሽ የምትታየዋ ስትጨመር ከሦስቱ የምትታመነው አንዲት ብቻ ሆነች። ከድሮዋ ባለ 128 ጋር አብሮ ሰካት፤ 384 ሜጋባይት። ከ512 በታች ስለሆነ የቪካሽ ጣጣ እንኳ አይነሣም። መስመሯን ግን አላጠፋትም፤ ነገ ሌላ ሰው ራም ይጨምር ይሆናል። ማሽኑ በሦስት እጥፍ አድጎ ሥራው ተስተካከለ፤ ባለቤቱ መጀመሪያ ካሰቡት ግማሽ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ይተርፋል።

የቀረው መዝገቡ ራሱ ነው። የፎክስፕሮ ፋይል ቀላልና ለንባብ የተገለጠ ስለሆነ እወደዋለሁ። ዳታው በዲቢኤፍ ፋይል ውስጥ ነው፤ ኢንዴክሱ ለብቻው በሌላ ፋይል ይቀመጣል። ስለዚህ የተበላሸው ኢንዴክስ ብቻ ከሆነ ዳታው ንጹሕ ነው፤ ኢንዴክስ ሁልጊዜ ከዳታው እንደገና ይሠራል። በዲቢኤፍ ራስጌ የመጀመሪያዎቹ 32 ባይቶች ውስጥ ስንት መዝገብ እንዳለና የአንዱ መዝገብ ርዝመት ስንት እንደሆነ ተጽፏል። ሁለቱን አባዝቶ የራስጌውን ርዝመት የጨመረ ሰው የፋይሉን መጠን ከሞላ ጎደል ማግኘት አለበት፤ ፋይሉ ከዚያ ካነሰ የተቆረጠ ነገር አለ። እያንዳንዱ መዝገብ በአንዲት ምልክት ይጀምራል፤ ባዶ ከሆነች ሕያው ነው፣ ኮከብ ከሆነች ተሰርዟል። የተሰረዘውም ቢሆን «ፓክ» የሚባለው ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ በቦታው አለ። ፓክ ኮከብ ያላቸውን ጥሎ ፋይሉን እንደ አዲስ ይጽፋል፤ በታመመ ራም ላይ ፓክ ያደረገ ሰው የዓመታት መዝገብ በአንድ ደቂቃ ሊያጣ ይችላል። ወጣቱ አርብ ጠዋት የቀዳውን ቅጂ መልሶ አስቀመጠ፤ ርዝመቱን አሰላ፤ ልክ ሆነ። አሮጌውን ኢንዴክስ አስወግዶ በጤነኛው ራም ላይ አዲስ አሠራ። ሒሳብ ሠራተኛዋ የኮንቴይነሩን ቁጥር ደግመው ጻፉ። መጣ፤ መኪናውም የራሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ይሄን ነገር ከዚህ ማሽን ማውጣት አለብን አሉ። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ መንገዱም ያልታወቀ አይደለም። በኢትዮጵያም በመላው አፍሪካም ያሉ የሰነድ ማእከሎች ይህንኑ መንገድ ሄደውበታል። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ካታሎጋቸውን የያዙት ዩኔስኮ ከ1985 አንሥቶ ለትንንሽ ኮምፒውተሮች በነጻ ባደለው ሲዲኤስ አይሲስ ነበር። ያም የዶስ ልጅ ነው፤ የራሱ ወሰን ነበረው። ካታሎጎቹ ወደ አዲስ ዘመን መሻገር የቻሉት አይሲስ መዝገቡን አይሶ 2709 በተባለው የጋራ ቅርጽ ማውጣት ስለሚችል ነው፤ ከዚያ ሌላው ሶፍትዌር ያነበዋል። ማሽኑን በሕይወት ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ ዳታውን ማንም በሚያነበው ቅርጽ ማውጣት ሌላ። ሁለተኛው ሳይደረግ የመጀመሪያው ጊዜ መግዣ ብቻ ነው።

ቅጂው የት ይቀመጥ የሚለውም በዚህ ሰፈር ቀላል ጥያቄ አይደለም። የአምቡሊ ወንዝ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ግን ድንገት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 ሞልቶ ብዙ ሰው ገደለ፤ በኅዳር 2019 ደግሞ ከተማዋን ያጥለቀለቀ ጎርፍ መጣ። ኮምፒውተሩ መሬት ላይ፣ የቅጂው ፍላሽ ከእርሱ በላይ ባለው መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ሁለቱም በአንድ ውኃ ይሄዳሉ። አንዱ ቅጂ ድሬዳዋ ካሉት የሒሳብ ሠራተኛዋ ዘመዶች ዘንድ እንዲሄድ ተስማሙ።

ወጣቱ ፋይሉን በነጠላ ሰረዝ ወደተለየ ተራ ጽሑፍ አወጣና በላፕቶፑ ሰንጠረዥ ላይ ከፈተው። እስከ 1999 ያለው ቀን ሁሉ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ያለው 1900፣ 1901፣ 1902 እያለ ይሄዳል።

«ይሄም ራሙ ነው?» አሉ ባለቤቱ ደንግጠው።

ራሙ አልነበረም። ፕሮግራሙ ዓመትን በሁለት አኃዝ ይቀበላል፤ ፎክስፕሮ 2.6 ደግሞ ምዕተ ዓመቱ ካልተነገረው በስተቀር 19ን ይገምታል። ስክሪኑ ላይ ሁልጊዜ 01፣ 02 ብቻ ስለሚታይ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያስተዋለ አልነበረም፤ ሁለት ቀን ሲቀናነስም ሁለቱ በአንድ የተሳሳተ ምዕተ ዓመት ውስጥ ስለሆኑ ልዩነቱ ልክ ይመጣል። ልክ የማይመጣው በሁለት ቦታ ነው። በታኅሣሥ 1999 ገብቶ በጥር 2000 የወጣ ኮንቴይነር መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

«አስታወስኩ! ያን ወር በእጄ ነው የሠራሁት፤ ማሽኑ አብዷል ብለን» አሉ ሒሳብ ሠራተኛዋ።

ሁለተኛው ረቂቅ ነው። 2000 የካቲቱ 29 ቀን ያለው ዓመት ነበር፤ 1900 ግን 28 ብቻ ነበረው። ስለዚህ ፕሮግራሙ 29/02/00 ሲጻፍለት እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ያን ቀን አቋርጦ ያለፈ ኮንቴይነር ሁሉ የኪራዩ ሒሳብ አንድ ቀን ጎድሎ ነው የተሠራው። ባለቤቱ ወንበራቸውን ሳቡ። የዚያን ወር የካርቦን ቅጂዎች ከላይኛው መደርደሪያ እንዲያወርድ ለወጣቱ ነገሩትና፣ ሦስቱ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ማመሳከር ጀመሩ።